የኮምቦልቻን ሚዛን ከደሴ ቢሮ ማገናኘት፦ የሁለት አሮጌ ራውተሮች የሥራ ማስታወሻ

ሥራው እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን አለ። ግቢው ውስጥ የመኪና ሚዛን አለው። ማሾ፣ ማሽላ ወይም ሽምብራ የጫነ አይሱዙ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ክብደቱ ሚዛን ቤት ያለች አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ሒሳብ ክፍሉ ግን ደሴ ነው። መካከል ላይ የሐረጎ ዳገት አለ። እስካሁን የቀኑ ክብደት በስልክ እየተነበበ ነበር ደሴ የሚጻፈው። 14,680 የተባለው 14,860 ሆኖ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ከነጋዴ ጋር፣ ከሹፌር ጋር ጭቅጭቅ ነው። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው፣ "ልጄ፣ ከዚህ ንዝንዝ ገላግለኝ" አሉኝ።

ኮምፒዩተሯ ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ነው የምትሠራው። ክብደቱን ከሚዛኑ ማሳያ በኮም 1 ወደብ ትቀበላለች፣ ፋይል ላይ ትጽፋለች፣ ደረሰኝ ታትማለች። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ከአገር ከወጣ ቆይቷል፤ ኮዱም የለም። ደግነቱ ኔትወርክ ካርድ አላት፤ የማይክሮሶፍት የዶስ ኔትወርክ ክላየንት 3.0 ተጭኖባታል። ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም ከሌሎች ጋር የምትነጋገርበት ደንብ፣ ግን ኔትቡዪ የሚባለው አሮጌው ብቻ ነው።

"ታዲያ ኢንተርኔት የሚሠራበትን ፕሮቶኮል፣ ቲሲፒ/አይፒን፣ አትጭንባትም?" የሚል አይጠፋም። ዶስ ለፕሮግራሞች የሚያካፍለው ሜሞሪ 640 ኪሎባይት ነው። ቲሲፒ/አይፒው ከዚያ ላይ ድርሻውን ሲወስድ የሚዛኑ ፕሮግራም ሜሞሪ አነሰኝ ብሎ አይነሳም። ሞክረን አይተነዋል። ኔትቡዪ ትንሽ ነው፣ ይበቃታል። ችግሩ ራውተር፣ ማለትም አንዱን ኔትወርክ ከሌላው የሚያገናኘውን ዕቃ፣ አያልፍም። የኔትወርክ ቁጥር የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያለው ስም ብቻ ነው። ስም ጠርቶ በዚያው ግቢ ውስጥ "አለሁ" የሚለውን ይጠብቃል። እኛ የተከራየነው መስመር ደግሞ የሚያሳልፈው አይፒ ብቻ ነው።

ለእንዲህ ያለው ጣጣ ዱሮ የተሠራ መፍትሔ አለ፤ ዳታ ሊንክ ስዊቺንግ፣ በአጭሩ ዲኤልኤስደብሊው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ነው። የኢንተርኔት ደንቦች በሚወጡባቸው አርኤፍሲ በሚባሉት ሰነዶች ውስጥ በ1993 አርኤፍሲ 1434፣ በ1995 ደግሞ አርኤፍሲ 1795 ሆኖ ታተመ። ዋና ዓላማው ኤስኤንኤን፣ ማለትም አይቢኤም ከ1974 ጀምሮ ትልልቅ ኮምፒዩተሮቹን ከተርሚናል ጋር ያገናኘበትን ሥርዓት፣ በአይፒ ላይ ማሳፈር ነበር። ኔትባዮስንም፣ ማለትም በኔትቡዪ ላይ የሚሄደውን በስም የመጠራራት ሥርዓት፣ አብሮ ያሳፍራል። እኛ የምንፈልገው ይህን ሁለተኛውን ነው። ሲስኮ የራሱን ተጨማሪ ነገሮች አክሎበት በራውተሮቹ ውስጥ አስገብቶታል።

አዲስ ፕሮግራም ማስጻፍ ይሻላል የሚሉ አሉ። ይሻላል። ግን የማሾ ወቅት ደርሷል፤ ሚዛኑ ሊቆም አይችልም።

ሰኞ፣ ደሴ

ሐጂ ሁለት ያገለገሉ ሲስኮ 2611 ራውተሮች ገዝተው አስመጥተዋል። ለዚህ ሥራ ጥሩ ምርጫ ናቸው። እያንዳንዳቸው ሁለት የኢተርኔት ወደብ አላቸው፤ አንዱ ለግቢው፣ አንዱ ለመስመሩ። ወደቦቹ 10 ሜጋቢት ናቸው። ለአንዲት የዶስ ኮምፒዩተር ከበቂ በላይ ነው።

ላፕቶፑን በኮንሶል ገመድ አገናኘሁ፤ 9600 ፍጥነት፣ 8 ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ስቶፕ ቢት። የመጀመሪያው ያለ ችግር ገባ። ሁለተኛው የይለፍ ቃል ጠየቀ። የቀድሞ ባለቤቱ ሳያጠፋ ነው የሸጠው። ይሄ ያገለገለ ራውተር የሚገዛ ሁሉ የሚገጥመው ነው፤ መላው የታወቀ ነው። አጥፍቶ ማብራት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ብሬክ መላክ፣ ሮምሞን የሚባለው የራውተሩ መነሻ ፕሮግራም ሲመጣ እንዲህ ማለት፦

ኮንፍሬግ 0ኤክስ2142
ሪሴት

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት ነው የምጽፋቸው፤ ኪቦርዱ ላይ ያው በላቲን ፊደል ናቸው። 2142 ማለት "ስትነሳ የተቀመጠውን ኮንፊግ (የተሰጠህን ትእዛዝ ሁሉ) አታንብብ" ነው። ራውተሩ ባዶ ሆኖ ተነሳ። አሮጌውን ኮንፊግ ከነይለፍ ቃሉ አጠፋሁት። ከዚያ ይህን ቁጥር፣ ሬጅስተሩን፣ ወደ 0ኤክስ2102 መመለስ ግድ ነው። አለበለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ራውተሩ የተሰጠውን ሁሉ ረስቶ ይነሳል። ወሎ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጥዬ ሁለቱም ዲኤልኤስደብሊው የሚያውቁ መሆናቸውን አየሁ። ማረጋገጫው አጭር ነው፤ ኮንፊግ ውስጥ ገብቶ "ዲኤልኤስደብሊው ?" ማለት ነው። የመጀመሪያው የትእዛዝ ዝርዝር አወጣ። ሁለተኛው ከፊደሉ ሥር ትንሿን ምልክት (^) አስቀምጦ "ኢንቫሊድ ኢንፑት" አለ። ራውተሩ አልተበላሸም። "ሾው ቨርዥን" ሲባል ፍላሹ (የራውተሩ ማከማቻ) ላይ ያለው አይኦኤስ፣ ማለትም ራውተሩ የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ "ሲ2600-አይ" ሆኖ ተገኘ። ይህ የአይፒ ብቻ እትም ነው። የመጀመሪያው ላይ ያለው "ሲ2600-ጄኤስ" ነው፤ ብዙ ነገር የያዘው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስታውሳት ትእዛዝ አለች። ሶፍትዌሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመቅዳት ላፕቶፑ ላይ ቲኤፍቲፒ የሚባለውን ፋይል አስተላላፊ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም። አንዱ ራውተር ራሱ ሰርቨር መሆን ይችላል። ጄኤስ ባለው ላይ፦

ቲኤፍቲፒ-ሰርቨር ፍላሽ፦ ቀጥሎ የፋይሉ ስም

ብሎ፣ በሌላው ላይ "ኮፒ ቲኤፍቲፒ ፍላሽ" ማለት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የፍላሹና የሜሞሪው መጠን እንደሚበቃ ማየት ነው፤ በቅቷል። ሁለቱን ራውተሮች በክሮስ ገመድ አገናኘኋቸው። ተራ ገመድ እዚህ አይሠራም፤ ሁለቱም ወደቦች አንድ ዓይነት ናቸው፣ በራሳቸውም አያስተካክሉም። ስክሪኑ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት መደርደር ጀመረ፤ እያንዳንዷ ፓኬቶች በሰላም መድረሳቸውን የምትናገር ናት። ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ሻይ አስመጣሁ። በዚህ መሃል መብራት ቢጠፋ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ዩፒኤስ ላይ ነው ያደረግኋቸው።

ማክሰኞ፣ ደሴ

ኮምቦልቻ ከመውረድ በፊት ሁሉም ነገር ጠረጴዛ ላይ መሥራት አለበት። ይህ ለእኔ ሕግ ነው። ሐረጎን ለአንድ የጎደለች መስመር ብሎ መመላለስ አድካሚ ነው፤ በተለይ ጉም ሲወርድ።

የፒር አድራሻውን፣ ማለትም ሁለቱ ራውተሮች እርስ በርስ የሚተዋወቁበትን፣ መወሰን ነበረብኝ። መጻሕፍቱ ሁሉ ሎፕባክ የሚባለውን የይስሙላ ወደብ ተጠቀም ይላሉ፤ ምክንያቱም ሎፕባክ ገመድ ስለሌለው አይወድቅም። ምክሩ ትክክል ነው፤ ራውተሩ ሁለት ወይም ሦስት መውጫ ካለው። የእኛ መውጫ አንድ ነው። እሷ ከወደቀች ሎፕባኩ ባይወድቅ ምን ይጠቅማል? በዚያ ላይ የመስመሩ አቅራቢ የሚያውቀው የሰጠንን አድራሻዎች ብቻ ነው፤ የእኔን ሎፕባክ ለማሳወቅ ማመልከቻ መጻፍ ሊያስፈልግ ነው። ስለዚህ የመስመሩን ወደብ አድራሻ ፒር አደረግሁት። ደሴ 10.20.1.2፣ ኮምቦልቻ 10.20.2.2። ለጠረጴዛው ሙከራ ብቻ ኔትማስኩን፣ ማለትም የኔትወርኩን ወሰን የሚያሳየውን ቁጥር፣ 255.255.0.0 አደረግሁ፤ ሁለቱ በአንድ ገመድ እንዲተያዩ።

ደሴ ላይ የሚቀመጠው እንዲህ ሆነ፦

ብሪጅ 1 ፕሮቶኮል አይትሪፕልኢ
ዲኤልኤስደብሊው ሎካል-ፒር ፒር-አይዲ 10.20.1.2
ዲኤልኤስደብሊው ሪሞት-ፒር 0 ቲሲፒ 10.20.2.2 ኤልኤፍ 1500
ዲኤልኤስደብሊው ብሪጅ-ግሩፕ 1
ኢንተርፌስ ኢተርኔት 0/0
ብሪጅ-ግሩፕ 1

ኮምቦልቻ ላይ ያው ነው፤ ሁለቱ አድራሻዎች ቦታ ይቀያየራሉ። የአንዱ ሎካል የሌላው ሪሞት መሆን አለበት፤ አንዲት ቁጥር ብትለያይ አይተዋወቁም።

የመጀመሪያዋ መስመር ድልድዩን ታበጃለች። ሁለተኛዋ "እኔ ይህ ነኝ" ትላለች። ሦስተኛዋ "ጓደኛዬ ያ ነው፣ በቲሲፒ እናወራለን" ትላለች። ዜሮዋ "ለሁሉም ወደብ" ማለት ናት። ኤልኤፍ 1500 ትልቁ ፍሬም (በአንድ ጊዜ የሚላክ የመረጃ ጥቅል) ከኢተርኔት አቅም እንዳያልፍ ነው። አራተኛዋ ድልድዩን ከዲኤልኤስደብሊው ጋር ታያይዛለች። የመጨረሻዋ የግቢውን ወደብ ድልድዩ ላይ ታስገባለች።

ሁለት ነገር ልጨምር። ኢተርኔት 0/0 የአይፒ አድራሻም አለው። ብሪጅ-ግሩፕ ስላስገባነው አይፒው አይበላሽም። ራውተሩ አይፒን እንደ ወትሮው ይመራል፤ ድልድዩ ላይ የሚወጣው አይፒ ያልሆነው ነው። ሁለተኛ፣ ብሪጅ-ግሩፕ የመስመሩ ወደብ ላይ፣ ማለትም 0/1 ላይ፣ በፍጹም አይገባም። የመስመሩ ጎን የቲሲፒ ጎን ነው።

አንዲት ተጨማሪ መስመር በሁለቱም ላይ አስገባሁ፦

አይፒ ቲሲፒ ፓዝ-ኤምቲዩ-ዲስከቨሪ

ይህች ከሌለች ራውተሩ ሩቅ ላለ ፒር የቲሲፒ ክፍልፋዮቹን 536 ባይት ላይ ይወስናቸዋል። አንዱ ፍሬም ሁለትና ሦስት ቦታ እየተቆረጠ ይሄዳል ማለት ነው።

"ሾው ዲኤልኤስደብሊው ፒርስ" አልኩ። "ኮኔክት" አለ። ቀጥሎ "ሾው ዲኤልኤስደብሊው ካፓቢሊቲስ"። ሁለቱ ራውተሮች ሲተዋወቁ መጀመሪያ የሚያደርጉት የሚችሉትን ነገር መለዋወጥ ነው፤ ዝርዝሩ እዚያ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒዩተር አየሁ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ኤክስፒ ኔትቡዪን ከዝርዝሩ አውጥቶታል፤ ግን አልጣለውም። ሲዲው ውስጥ "ቫልዩአድ" በሚለው ፎልደር ሥር ተደብቆ ይገኛል። ሁለት ፋይል ኮፒ ማድረግ ነው፤ ከዚያ ከፕሮቶኮሎቹ ዝርዝር ውስጥ ብቅ ይላል። ጫንኩት። ለኮምፒዩተሩ "ሒሳብ"፣ ለፎልደሩ "ሚዛን" የሚል ስም ሰጠሁ፤ ሁለቱም በላቲን ትልልቅ ፊደል። ኔትባዮስ ስም ከ15 ፊደል አያልፍም፤ ዶስ ደግሞ ከ8 በላይ የሆነ የፎልደር ስም አይወድም። አጭር ስም ይሻላል።

የሒሳብ ሠራተኛዋ "እንግዲህ ስልክ ልጥል ነው?" አሉ።

"አብሽሩ፣ ገና ነው" አልኩ።

ሐሙስ፣ ኮምቦልቻ

ከደሴ ብርድ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ጃኬት ማውለቅ ነው። ሚዛን ቤቷ ቆርቆሮ ናት፤ ራውተሩን የት ላስቀምጠው የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ሆነ። ሙቀቱ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን አቧራው ነው። የማሾ ገለባና ብናኝ በየቀዳዳው ይገባል። ከግድግዳው ከፍ አድርገን የእንጨት መደርደሪያ መታን። የአየር መውጫው ወደ ግድግዳው እንዳይዞር አደረግን።

ገመዶቹን ሰካሁ፣ ኔትማስኩን ወደ ትክክለኛው መለስኩ፣ "ሾው ዲኤልኤስደብሊው ፒርስ" አልኩ።

"ዲስኮን"። አልተገናኙም ማለት ነው።

ፒንግ፣ ማለትም "አለህ?" ብሎ የሚጠይቀው ሙከራ፣ ይሄዳል። ኮምቦልቻ ሆኜ 10.20.1.2ን ስጠራ አምስቱም ቃለ አጋኖ ተመለሱ። ስለዚህ መንገዱ አለ፣ አድራሻውም ትክክል ነው። ፒንግ የሚነግረው ግን መንገድ መኖሩን ብቻ ነው፤ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ አይነግርም። ዲኤልኤስደብሊው የሚያንኳኳው ቲሲፒ 2065ን ነው። "ዲበግ ዲኤልኤስደብሊው ፒር" አበራሁ። ራውተሩ ይሞክራል፣ ይጠብቃል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይሞክራል። እምቢታ እንኳ አይመለስለትም። እምቢታ ቢመለስ ኖሮ ደሴ ያለው ራውተር ደርሶት አልቀበልም አለ እንላለን። ዝምታ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ የሚውጥ አለ ማለት ነው።

ደሴ ቢሮው ውስጥ፣ በራውተሩና በመስመሩ መካከል፣ ዱሮ የተተከለ ፋየርዎል አለ። ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነበር፤ ያልተፈቀደለትን ሁሉ ይከለክላል። እዚያ ያለውን ልጅ ደወልኩለት። "2065ን በሁለቱም አቅጣጫ ክፈት፤ በእነዚህ ሁለት አድራሻዎች መካከል ብቻ" አልኩት። ለሁሉም ክፍት ማድረግ አያስፈልግም፤ ዲኤልኤስደብሊው ራሱ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ የሚያልፈውንም አይመሰጥርም። ልጁ 2067ንም ልክፈት ወይ አለኝ። አርኤፍሲው ሁለት ወደብ ይጠቅሳል፤ አንዱ ለመቀበል፣ አንዱ ለመላክ። ሁለት ሲስኮዎች ሲገናኙ ግን መጨረሻ ላይ በአንድ ግንኙነት ይስማማሉ፤ 2065 በቃን።

ስልኩን ሳልዘጋ "ኮኔክት" ሆነ።

የሚዛኗ ተቆጣጣሪ ከኋላዬ ቆመው ነበር። "ይሄ ነው በቃ?" አሉ። ይሄ አይደለም። ራውተሮቹ ተዋወቁ እንጂ ኮምፒዩተሮቹ ገና አልተገናኙም። ዶሷ ላይ፦

ኔት ዩዝ ኤፍ፦ ቀጥሎ የኮምፒዩተሩና የፎልደሩ ስም

ብዬ ኢንተር መታሁ። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ትእዛዙ በሰላም ተፈጸመ አለች። "ዲር ኤፍ፦" ስል ደሴ ያለው ፎልደር ኮምቦልቻ ስክሪን ላይ ተዘረገፈ። ተቆጣጣሪዋ "ማሻአላህ" አሉ። እኔም ከዚያ ያነሰ ነገር አልተሰማኝም።

ውስጡ የሆነው ይህ ነው። ዶሷ "ሒሳብ የት ነህ?" ብላ በግቢው ኢተርኔት ላይ ጮኸች። ጥሪው የሚሄደው ለሁሉም የኔትባዮስ ጣቢያ ወደሚደርስ አንድ የጋራ አድራሻ ነው። ራውተሩ ጥሪውን ሰማ፣ በቲሲፒ ጠቅልሎ ደሴ ላከ። የደሴው ራውተር ጥሪውን ፈትቶ በራሱ ግቢ ደገመው። ኤክስፒው "አለሁ" አለ። መልሱ በዚያው መንገድ ተመለሰ። ሁለቱም ራውተሮች ስሙን መዘገቡት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፍለጋው አጭር ይሆናል።

ሐሙስ፣ ከሰዓት፣ እዚያው ኮምቦልቻ

ምዝገባውን ማየት ፈለግሁ። "ሾው ዲኤልኤስደብሊው ሪችአቢሊቲ" ይባላል። አራት ሰንጠረዥ ያወጣል፤ በግቢ ያሉ አድራሻዎች፣ ከማዶ ያሉ አድራሻዎች፣ በግቢ ያሉ ስሞች፣ ከማዶ ያሉ ስሞች። "ሒሳብ" ከማዶ ስሞች ውስጥ "ፋውንድ" ተብሎ ተቀምጧል። ጥሩ።

አድራሻዎቹ ጋ ግን ሰው ግራ ይጋባል። የዶሷ ካርድ አድራሻ 00-ኢ0-4ሲ-21-08-60 ነው። ሰንጠረዡ ላይ እንዲህ የሚባል የለም። ያለው 0007.3284.1006 ነው። አብሮኝ የመጣው ልጅ "ሌላ ማሽን ገብቷል እንዴ?" አለ። አልገባም። ያቺው ናት፤ የተጻፈችው ተገልብጣ ነው።

ምክንያቱ ዱሮ ነው። ኢተርኔት የእያንዳንዱን ባይት ትንሹን ቢት አስቀድሞ ይልካል፤ ቶከን ሪንግ የሚባለው የአይቢኤም የዱሮ የግቢ ኔትወርክ ደግሞ ትልቁን። ዲኤልኤስደብሊው ያደገው ቶከን ሪንግ ቤት ስለሆነ አድራሻን የሚያሳየው በዚያ ቤት ልማድ ነው። ልጁ ወረቀት ላይ አብሮኝ ሠራው። 4ሲን እንውሰድ። 4 በቢት 0100 ነው፤ ሲገለበጥ 0010፣ ማለትም 2። ሲ 1100 ነው፤ ሲገለበጥ 0011፣ ማለትም 3። ከዚያ የሁለቱ ቦታ ይቀያየራል፤ 32 ይሆናል። ኢ0 በዚሁ መንገድ 07 ይሆናል፣ 21 ደግሞ 84። ስድስቱንም ባይት ከገለበጥን በኋላ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ወጣ። የባይቶቹ ቅደም ተከተል አይነካም፤ የሚገለበጠው የእያንዳንዱ ውስጥ ነው።

ይህን ማወቅ ለጨዋታ አይደለም። ኮንፊግ ውስጥ የማሽን አድራሻ መጻፍ ሲያስፈልግ፣ ኢተርኔት ካርዱ ላይ እንደተጻፈ ቀጥታ ብትገለብጡት፣ ራውተሩ የሌለ ማሽን ሲፈልግ ይኖራል። ስህተት አለ ብሎም አይነግራችሁም። ዝም ነው።

ሌላው ሥራ ጩኸት መቀነስ ነበር። የኔትባዮስ ማሽን ወሬ ይወዳል። የኮምቦልቻው ጥሪ ሁሉ ወደ ደሴ እንዲሄድ አልፈልግም። ስለዚህ የደሴው ራውተር ላይ፦

ዲኤልኤስደብሊው አይካንሪች ኔትባዮስ-ኤክስክሉሲቭ
ዲኤልኤስደብሊው አይካንሪች ኔትባዮስ-ኔም ሒሳብ

"እኔ ጋ የሚገኘው ይህ ስም ብቻ ነው፤ ሌላ አትጠይቁኝ" ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ካፓቢሊቲስ ሲታይ ስሙ ተመዝግቧል። ራውተሩ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያል፤ ዊንዶውስ ስሙን በትልቅ ፊደል ነው የሚያውጀው፣ እዚህም እንደዚያው መጻፍ አለበት።

ዓርብ፣ ኮምቦልቻ

ጠዋት መብራት ጠፍቶ መጣ። ፈተናውን ራሴ ላዘጋጅ ነበር፤ አልደከምኩም።

ዶሷ ቶሎ ትነሳለች። ራውተሩ ገና አይኦኤሱን ከፍላሽ እየፈታ ነው። ከተነሳ በኋላም ድልድዩ ወዲያው አይከፈትም፤ ጥሪ ዞሮ እንዳይመለስ የሚጠብቀው ስፓኒንግ ትሪ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ ነው የሚያሳልፈው። ፒሩም መተዋወቅ አለበት። ዶሷ ይህን ሁሉ አትጠብቅም። "ኔት ዩዝ" ትላለች፣ ስህተት 53 ይመጣል፤ የተባለው ኮምፒዩተር አልተገኘም። ከዚያ የሚዛኑ ፕሮግራም ኤፍን ሲፈልግ ያጣል።

ስፓኒንግ ትሪውን ማጥፋት ይቻላል። አልወደድኩትም። አንድ ቀን አንዱ መጥቶ ሁለት ገመድ ቢሰካ ግቢው በሙሉ ይታመሳል። ከዚያ ይልቅ ዶሷን ትዕግሥት ማስተማር ቀላል ነው። ስትነሳ የምታነበው ኦቶኤክሴክ ፋይል ውስጥ ትንሽ ዙር አስገባሁ፦ "ኔት ዩዝ" ሞክሪ፤ "ኤፍ፦ነል" ከሌለ ወደ ላይ ተመለሺና እንደገና ሞክሪ። ስክሪኑ ላይ "ደሴን እየፈለግሁ ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ" የሚል በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ አደረግሁ። ተቆጣጣሪዋ በጣም ወደዱት። ደግመን አጥፍተን አበራን፤ ቆየት ብላ ራሷ አገኘችው።

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ መጡ። ሁኔታውን አይተው "ለክፉ ቀን ሌላ ራውተር ገዝተን ጎን ለጎን ብንሰካውስ?" አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አሰካኩ ግን አይሆንም። በአንድ ኢተርኔት ላይ ሁለት የዲኤልኤስደብሊው ራውተሮች ያለ ተጨማሪ ዝግጅት ከተሰኩ አንዱ ከማዶ ያመጣውን ሌላው ከግቢ የመጣ አድርጎ ያያል፤ ጥሪው ይዞራል፣ ይዞራል፣ አያባራም። ቶከን ሪንግ ፍሬሙ የመጣበትን መንገድ በራሱ ላይ ይዞ ይሄድ ስለነበር ይታወቅበታል፤ ኢተርኔት ላይ ያ የለም። "ይገዛ፣ ኮንፊጉን እጭንበታለሁ፣ ግን መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። የሞተ ቀን ገመድ መቀየር ብቻ ነው" አልኳቸው።

"እሱም መልካም" አሉ።

ሰኞ፣ ኮምቦልቻ

እውነተኛው ፈተና መስመሩ ሲንገዳገድ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ለዲኤልኤስደብሊው ያለኝ ክብር ከዚህ ነው የሚመጣው፤ እርዝመት መጨመሩ ብቻ ቢሆን ሌላም መንገድ አይጠፋም።

ኔትቡዪ ከታች የሚጠቀመው ኤልኤልሲ 2፣ ማለትም ፍሬሞች መድረሳቸውን የሚያረጋግጠው ፕሮቶኮል፣ ትዕግሥት የለውም። የተሠራው ለአንድ ግቢ ገመድ ነው። ሲስኮው ላይ ያለው ቆጣሪ፣ ካልነካነው፣ መልስ የሚጠብቀው 1000 ሚሊሰከንድ ነው፤ 8 ጊዜ ሞክሮ ይተዋል። ፍሬሞቹን እንዳለ ጠቅልለን ብንልካቸው ኖሮ፣ መስመሩ ትንሽ በዘገየ ቁጥር ግንኙነቱ ይፈርስ ነበር። ዲኤልኤስደብሊው ግን ማረጋገጫውን ከማዶ አይጠብቅም። የኮምቦልቻው ራውተር ለዶሷ እዚያው "ደርሶኛል" ይላታል። የደሴውም ለኤክስፒው እንዲሁ። ባለቤቱ በሌለበት የመጣን እንግዳ ጎረቤት "ይግቡ፣ እየመጣ ነው" እያለ እንደሚያቆየው ማለት ነው። መሃሉን ቲሲፒ ይዞታል፤ የጠፋውን ይደግማል፣ የተዘበራረቀውን ያስተካክላል።

ለመፈተን የመስመሩን ገመድ ከሞደሙ ማዶ ነቀልኩ። ከራውተሩ አልነቀልኩም፤ ከዚያ ቢነቀል ወደቡ ራሱ ይወድቅና ፈተናው ሌላ ይሆናል። ዶሷ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች። "ሾው ዲኤልኤስደብሊው ሰርኪትስ" ስል በኤፍ0፣ ማለትም በኔትባዮስ መለያ ቁጥር፣ ላይ ያለው ሰርኪት (የሁለቱ ኮምፒዩተሮች ግንኙነት) "ኮኔክትድ" እንዳለ ነው። ዶሷ ምንም አላወቀችም። መልሼ ሰካሁ። አንድ አይሱዙ ሚዛን ላይ ወጣ፣ ክብደቱ ተጻፈ፣ ደሴ ታየ።

ቀጥሎ እየጻፈች እያለ ነቀልኩ። እዚህ ጋ የዘዴው ወሰን ይታያል። ራውተሩ የሚመልሰው የታችኛውን "ደርሶኛል" ነው። ፋይሉ መጻፉን የሚያረጋግጠው ግን ኤክስፒው ራሱ ነው፤ ያን ራውተር ሊዋሽለት አይችልም። ስክሪኑ ቆመ። ቶሎ ስመልሰው ቀጠለ። አቆይቼ ስመልሰው ግን ዶስ የታወቀውን ጥያቄ አመጣ፦ አቦርት፣ ሪትራይ፣ ፌይል? (ይቋረጥ፣ ይደገም፣ ይታለፍ?) ለተቆጣጣሪዋ የተሰጠው መመሪያ አጭር ነው፤ ሁልጊዜ ሪትራይ። አቦርት የምትባለዋን እንዳይነኳት።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ፒሮቹ በየ30 ሰከንዱ "አለህ?" ይባባላሉ። ሦስት ጊዜ መልስ ከጠፋ ፒሩ ይወርዳል፤ በላዩ ያሉት ሰርኪቶች ሁሉ አብረው ይፈርሳሉ። ያኔ ሪትራይም አይጠቅምም፤ መስመሩ ሲመለስ ዶሷን አጥፍቶ ማብራት ነው። ይህን ጊዜ ማርዘም ይቻላል፤ "ኪፕአላይቭ" የምትል ቃል ሪሞት-ፒር መስመሩ ላይ ተጨምራ ቁጥሩን መለወጥ ነው። አላረዘምኩትም። መስመሩ ለደቂቃዎች ከጠፋ እውነቱን ቶሎ ማወቅ ይሻላል፤ የወረቀቱ ደረሰኝ እንዳለ ነው፣ መኪናው አይቆምም።

ሁለቱንም ራውተሮች "ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ" አልኳቸው። ኮንፊጉን በወረቀትም አትሜ አንዱን ሚዛን ቤት፣ አንዱን ደሴ ሒሳብ ክፍል አስቀመጥኩ። መደርደሪያው ላይ አጭር ወረቀት ለጠፍኩ። መጀመሪያ "ሾው ዲኤልኤስደብሊው ፒርስ"፤ "ዲስኮን" ካለ መስመሩን እዩ። "ኮኔክት" ካለ "ሾው ዲኤልኤስደብሊው ሪችአቢሊቲ"፤ "ሒሳብ" "ሰርቺንግ" ላይ ከቆመ ደሴ ያለው ኮምፒዩተር ጠፍቷል ማለት ነው፣ ደውሉ። እሱም ካለ "ሾው ዲኤልኤስደብሊው ሰርኪትስ"። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዱ አብዛኛው ችግር ወደ እኔ ሳይደርስ ይፈታል።

ሐጂ አሁን ወልዲያ ያለውን መጋዘንም እንጨምር እያሉ ነው። የደሴው ራውተር ላይ አንዲት ሪሞት-ፒር መስመር መጨመር ብቻ ነው። ኮምቦልቻና ወልዲያ እርስ በርስ መተያየት ስለማያስፈልጋቸው በሁለቱ መካከል ፒር አይኖርም፤ ሁለቱም ወደ ደሴ ነው የሚያወሩት። ፋየርዎሉ ላይ ሌላ መስመር ይከፈታል። ለዚያኛው ሚዛን የተለየ ስም ያስፈልጋል፤ ኔትባዮስ ሞክሼ አይቀበልም። የወልዲያው መስመር ገና አልገባም፤ ሲገባ ከዚህ እቀጥላለሁ።